ሁለተኛ ምስክር ያጣው ነፋስ

ለክቡር ሚስተር ቶርበን ክሊንግሆልም
በከርነሉ የአሮጌ ካርዶች ክፍል ባለአደራ
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ባለፈው ክረምትም ጣሪያው አፍስሶ መልስ እንዳዘገየብዎ ለሁላችን የጻፉልን ቤትዎ በደህና እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በማላዊ፣ በንካታ ቤይ፣ በሐይቁ ዳር፣ በጠቅላላው ደህና ነኝ ማለት ይቻላል። ሳሉ ለቆኛል፣ ዝናቡም አልፏል፣ የሰኞ ምሳዬንም ለአንድ ሰው ብቻ ማገንፋት እየለመድሁ ነው።

ስሜ ቲዎንጌ ምፋንዴ ይባላል። ፊቴን አይተውት አያውቁም፤ ስሜን ግን በሪፖርቶች ግርጌ ለዓመታት ሲያዩት ኖረዋል፤ በእርግጥ ሪፖርት እስከ ግርጌው የማንበብ ልማድ ካለዎ ነው። ከርነል ምን እንደሆነ ለእርስዎ መንገር «ለቀባሪው አረዱት» እንደሚባለው መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ጎረቤቶቼም ያነቡት ይሆናልና ለእነሱ ስል ይታገሡኝ። ከርነል የኮምፒውተር አስኳል ነው፤ ከላይ ያሉት ፕሮግራሞች ከታች ካለው ብረትና ሽቦ ጋር የሚነጋገሩት በእሱ በኩል ብቻ ነው። አዲስ ከርነል ከመጽደቁ በፊት በየእሑዱ አንድ እጩ እትም ይወጣል። በዓለም ዙሪያ ያለን ፈቃደኞች በየቤታችን እናስነሣዋለን፤ ሲወድቅ እንዴት እንደወደቀ እንጽፋለን፤ እናንተ ታርማላችሁ፤ በሚቀጥለው እሑድ ሌላ እጩ ይመጣል። ስህተቱ ሲያልቅ፣ ወይም ስህተቱን የሚያይ ሰው ሲያልቅ፣ እትሙ ይጸድቃል።

የእኔ ድርሻ ትንሽ ናት። ባለ ስምንት ቀዳዳ አሮጌ የገመድ ካርድ አለችኝ፤ ገመድ ከተሰካባቸው መሣሪያዎች የሚመጣውን መልእክት ተቀብላ ለኮምፒውተር የምታቀብል ናት። አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃውን ሲያስወግድ ወዳጄ ዌዚ ሎንግዌና እኔ ሁለት እንዲህ ያሉ ካርዶች አገኘን፤ አንዷን እሱ ወሰደ፣ አንዷን እኔ። ኋላ ዌዚ የራሱን ነቅሎ ለመንደራችን ሬዲዮ ጣቢያ ሰጠ፤ ምክንያቱም ጣቢያው አፋፉ ላይ ከተተከለው የነፋስ መለኪያ መልእክት የሚቀበልበት ሌላ መንገድ አልነበረውም። ዓሣ አጥማጆቻችን ኡሲፓ የምንለውን ትንሽ ዓሣ ለማጥመድ ፋኖስ ይዘው ከመውጣታቸው በፊት ሬዲዮ ይከፍታሉ። ጣቢያው ጸጥታ ነው ካለ ጀልባ ይገፋል፤ ምዌራ ተነሥቷል ካለ፣ ማለትም ያ ከደቡብ የሚመጣው ክፉ ነፋስ፣ ሁሉም ቤቱ ይተኛል።

ጣቢያውን የሚረዳው ፕሮጀክት ዋና ከተማው ተቀምጦ የጸደቀውን ከርነል ሁሉ በጣቢያው ኮምፒውተር ላይ ከሩቅ ይጭናል። ስለዚህ እርስዎ እሑድ ያጸደቁት ነገር ወር ሳይሞላ እኛ ሐይቅ ዳር ይደርሳል። ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት የማቀርብልዎ ምስጋና መሠረት እንዲኖረው ብዬ ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፦ «እጩ እትምን ያለ ጉዳት ስለመሞከር» ብለው በድረ ገጹ ላይ ስላሰፈሩልን መመሪያ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሰው የሚተማመንበትን ማሽን አትንኩ ይላል። በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ቀድማችሁ ገልብጡ፤ ገልብጠናል ብላችሁም አትመኑ፣ ቅጂው መከፈቱን እዩ ይላል። አዲሱ ቢያምፅ ተመልሳችሁ የምትነሡበት የቀድሞው ከርነል ከማስነሻው ዝርዝር ውስጥ አይጥፋ ይላል። ከሚሞከረው ማሽን ወደ ሌላ ማሽን ገመድ ዘርጉ፣ ሲወድቅ የመጨረሻ ቃሉን ያኛው ይቀበለው ይላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ምክር እንዲህ አብራርቶ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። አንዲቷንም ሳላጓድል እፈጽማለሁ። ስፈጽም የሚያይ ሰው ቢኖር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለሁ ይመስለው ነበር።

መመሪያው በመጨረሻው መስመር ላይ «ጥርጣሬ ካደረባችሁ አጠገባችሁ ያለውን ባልደረባ ጠይቁ» ይላል። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ቀና ብዬ አጠገቤን አያለሁ። አጠገቤ ያለው የማይሠራ ማቀዝቀዣ ነው፤ ዌዚ ሊጠግነው አምጥቶ ፈታትቶት የቀረ። አንድ ቀን ጠይቄዋለሁ፣ መልስ ግን አልሰጠኝም፤ በዚህ ከእርስዎ ክፍል ጋር ይመሳሰላል።

ሁለተኛ፦ በየእሑዱ ስለሚልኩልን መልእክት አመሰግናለሁ። ሰው እሑድ ስብከት ይሰማል፤ እኔ የእርስዎን መልእክት እጠብቃለሁ። ውሻዎ መታመሙን፣ መዳኑን፣ ልጅዎ ትምህርት ቤት መግባቷን ከዚያው ነው የሰማሁት። በዚህ መንደር ስለዚህች ካርድ ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው የለም። ዌዚ ከታመመ በኋላማ በዓለም ላይ ባሕርይዋን የምናውቅ እርስዎና እኔ ብቻ እንደሆንን አስብ ነበር፤ ሳስበውም ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ላገኘሁት ስህተት «ጥሩ ዓይን ነው» ብለው ጽፈውልኛል። ያንን ቃል ለስንት ሰው እንደነገርሁ ብነግርዎ ያፍሩልኛል። ወዳጅ ያለኝ መስሎኝ ነበር፤ ይህ ግን የእኔ ጥፋት እንጂ የእርስዎ አይደለም፤ መመሪያው ስለ ወዳጅነት የሚለው ነገር የለም።

ሦስተኛ፦ ሁለተኛ ምስክር እንዳመጣ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አምስተኛውን እጩ በመሞከሪያዬ ማሽን ላይ አስነሥቼ፣ ካርዷን ከአንድ ትርፍ የነፋስ መለኪያ ጋር አገናኝቼ፣ ከፊቱ የጠረጴዛ ማራገቢያ አቆምሁ። ማራገቢያውን ሳልከፍት ረጅም ሰዓት ተውሁት። የኮምፒውተሩ ማያ ገጽ ጸጥታ ነው አለ፤ ልክ ነበር። ከዚያ ማራገቢያውን ከፈትሁ፤ ነፋስ የሚያዞራቸው የመለኪያው ትንንሽ ጽዋዎች ተሽከረከሩ፤ ማያው ግን አሁንም ጸጥታ ነው አለ። ከፍ አደረግሁት፤ መጋረጃዬ ተነሥቶ ፊቴን መታኝ፤ ማያው አሁንም ጸጥታ ነው። ካርዷ ብትሞት ችግር አልነበረም፤ የሞተች ካርድ ዝም ትላለች፣ ሰውም ዝምታዋን አይቶ ይጠነቀቃል። ይህች ግን ከብዙ ሰዓት በኋላ መስማት አቁማ መጨረሻ የሰማችውን ታወራለች። የቀድሞውን ከርነል ብመልስ ተስተካከለች፤ እጩውን ባስነሣ እንደገና ዋሸች።

ዓሣ አጥማጆቹ ወደ ጀልባቸው ሲያልፉ ያሾፉብኛል። አንድ ማታ አንዱ፣ በአገራችን ለሴት በሚሆነው አጠራር፣ «ኛምፋንዴ፣ ማሽንሽ ዛሬ ምን አለ?» ሲለኝ ሬዲዮውን ሰምቼ ነበርና «ጸጥታ ነው ብሏል» አልሁት። «እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል» አለ ለጓደኛው፤ «አይጠጣ፣ አይዋሽ»። ሳቅን። ያን ማታ ጣቢያው ገና በቀድሞው ከርነል ላይ ነበርና እውነቱን ነበር። የእርስዎ እጩ ከጸደቀ ግን ይኸው ሰው በዚሁ ቀልድ ወደ ምዌራ አፍ ይገፋል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ስለዚህ ሪፖርቴን በመመሪያው መሠረት ጻፍሁ፤ የማሽኑን ዓይነት፣ የካርዷን ዓይነት፣ ስህተቱን እንዴት ማየት እንደሚቻል፣ ሁሉንም።

መልስዎ ትሑትና አጭር ነበር። «ካርዷ ያረጀች ስለሆነች ምናልባት ጉድለቱ የእሷ ይሆናል፤ ሌላ ሰው በሌላ ማሽን ላይ ካላረጋገጠው እትሙን ለማዘግየት እቸገራለሁ፤ እስከ ሁለት እሑድ ድረስ ሌላ ሰው ቢመጣ ደስ ይለኛል» አሉ። ምክንያታዊ ነው። እኔም በቦታዎ ብሆን እንዲሁ እል ነበር። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል፤ ብቻውን የመሰከረ ግን የሚያምነው የለም።

አራተኛ፦ ስለ ሁለተኛው ማሽን እንዳስረዳዎ ዕድል ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። በምኖርበት ዓለም ውስጥ ያችን ካርድ የተሸከመ ሁለተኛ ማሽን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ ያለው፣ ሰው የሚተማመንበት፣ መመሪያዎ አትንኩ ያለው። የጣቢያው ኃላፊ ሚስተር ምሲስካ ደግ ሰው ናቸው፤ ብሶቴን ስነግራቸው «እህቴ፣ ምን አጨቃጨቀሽ፣ ጫኚውና እዪው፤ ከተበላሸ ትመልሺዋለሽ» አሉኝ። ከመበላሸቱ እስከ መመለሱ ባለው ሰዓት ሐይቁ ላይ ማን እንዳለ ግን አላሰቡትም። ጀልባ የሌለበት ሰዓት በእኛ ሐይቅ የለም። ማታ ፋኖስ የያዙት አሉ፣ ቀን መረብ የሚጥሉት አሉ፣ በመሐል ሕዝብና ካሳቫ ጭነው ከመንደር መንደር የሚሄዱት አሉ። ሁሉም ሬዲዮ ይሰማሉ።

ዌዚ ያን ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ኩላሊቱ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ በሪፖርቶቼ ግርጌ ከስሜ ቀጥሎ የሚያዩት ስም የእሱ ነው። ካርዱን ለጣቢያው ከሰጠ በኋላ ሰኞ ሰኞ እኔ ቤት እየመጣ በአንዷ ማሽን ለሁለት እንሞክር ነበር፤ እየሞከርን እንጨቃጨቃለን፤ ከዚያ ምሳ እንበላለን። መልስዎን ሳነብለት «ሁለተኛ ሰው አምጡ አለ? ታዲያ እኔ ምን ልባል ነው» አለ። «አንተማ ተኝተሃል» አልሁት። «መቼ ሞትሁ? ስነሣ ጣቢያው ውስጥ አብረን እናየዋለን፤ አንድ ቀን ጀልባዎቹን ለምነን እናስቀራለን፤ እስከዚያ ጠብቂኝ» አለ። እጁን ይዤ እጠብቅሃለሁ አልሁት። ሐሙስ ዕለት አረፈ።

አምስተኛ፦ ይህ ምስጋና ለእርስዎ ሳይሆን ለአገሬ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ያለ እሱ የእርስዎ ትእዛዝ አይፈጸምም ነበርና አብሬ ላቅርበው። በእኛ ዘንድ ሟች አፈር ሳይለብስ ጀልባ አይገፋም፣ መረብም አይነከርም። ሴቶች ከአስከሬኑ ጋር ቤት ውስጥ ተቀምጠው ይዘምራሉ፤ ወንዶች ውጭ ግንድ አንድደው ይቀመጣሉ። የዌዚ ቀብር ዕለት ጠዋት ከቤቱ ደጃፍ ቁልቁል ሳይ ጀልባዎቹ ሁሉ አሸዋው ላይ ተደርድረዋል፣ ሐይቁም እስከ ዳር ባዶ ነው። እንዲህ ባዶ ሆኖ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ከሴቶቹ መሐል ተቀምጬ ነበር፤ ቢሆንም ቦታ አልነበረኝም። ባለቤቱ አይደለሁም፣ እህቱ አይደለሁም፣ ከወገኑም አይደለሁ። ለሰኞ ሰኞ ሰው የሚሆን መቀመጫ በልቅሶ ቤት የለም፤ በር አጠገብ፣ ጫማ ከሚወልቅበት ዘንድ ነው የተቀመጥሁት። እዚያ ሆኜ ዛሬ ሐይቁ ላይ ማንም የለም የሚለው ሐሳብ መጣብኝ። ልገፋው ሞከርሁ። ይህን የመሰለ ቀን እስከ እርስዎ እሑድ ድረስ አይገኝም፤ ካለፈ ደግሞ የሚቀጥለው ልቅሶ ምናልባት በሐይቁ ምክንያት ይሆናል። ተነሣሁ።

ከኋላዬ አንዷ «ወዴት ነው?» ስትል ሌላዋ «ኮምፒውተሯ ጋ ነዋ» አለች። «ባሏ ቢሆን ኖሮ ትነሣ ነበር?» «እሷ? ባሏም ቢሆን ትነሣ ነበር።» የዌዚ እናት ኛቺርዋ ከአስከሬኑ ራስጌ ቀና ብለው አዩኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚስተር ምሲስካን ከወንዶቹ መሐል ጠርቼ ቁልፍ ስጠይቃቸው «ዛሬ? አስከሬን እቤት እያለ?» አሉኝ።

«ዛሬ ነው የሚሆነው» አልኋቸው፤ «ቢበላሽ የሚጎዳ የለም። የሚገፋ ጀልባ የለም።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ምን ይልሻል?»

«ብሎኛል።»

ቁልፉን ፊታቸውን አዙረው ሰጡኝ።

ክቡር ሆይ፣ መመሪያዎን አንድ በአንድ ፈጸምሁ። የጣቢያውን ዲስክ ገለበጥሁ፤ ቅጂው መከፈቱን አየሁ፤ እጩውን ከሌላ ዲስክ ላይ አስነሣሁ፤ ገመድ ዘረጋሁ። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ነበር። ጠዋቱ ጸጥ ያለ ነበር፣ ማያውም ጸጥታ ነው ይል ነበር። ዌዚን ይዘውት ከቤት ሲወጡ መዝሙሩ ከኮረብታው ወደ እኔ ይወርዳል። አብሬ ልዘምር ብዬ ጀመርሁና ድምፄ በባዶው ክፍል ውስጥ ደስ አላለኝም። ተውሁት። ወደ እኩለ ቀን ገደማ ምዌራው ተነሣ። የሙዙን ቅጠል ይገነጣጥለው ጀመር፤ አሸዋው ላይ ያሉት ጀልባዎች እርስ በርስ ይጋጩ ነበር፤ አፋፉ ላይ የመለኪያው ጽዋዎች ለዓይን እስኪጠፉ ድረስ ይሽከረከሩ ነበር። መዝሙሩ ከነፋሱ ጋር እየተቆራረጠ ይመጣል። ማያው ጸጥታ ነው ይላል።

በመስኮቱ በኩል ሁለቱም በአንድ ላይ እንዲታዩ አድርጌ ፎቶ አነሣሁ፤ ማያውና የሚሽከረከረው መለኪያ። ከዚያ የቀድሞውን ከርነል መለስሁ፤ ማያው ወዲያው ምዌራ ተነሥቷል አለ። ያየሁት ትክክል መሆኑን የሚነግረኝ ሰው አጠገቤ ቢኖር ብዬ የተመኘሁት ያን ጊዜ ነው፤ የተመኘሁት ሰው ደግሞ ማን እንደሆነ ያውቁታል። ቆልፌ ወደ መቃብሩ ሮጥሁ። ስደርስ አፈሩ ተከምሯል፣ ወንዶቹ አካፋቸውን በውኃ ያለቀልቃሉ።

እዚያ አላለቀስሁም። ያለቀስሁት ቤቴ ገብቼ ሪፖርቱን ስጽፍ፣ «ሙከራው የተደረገበት ሁኔታ» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ነው። «በጣቢያው ማሽን ላይ፣ ሐይቁ ባዶ በሆነበት ቀን» ብዬ ሞላሁት። ሐይቁ ለምን ባዶ እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም።

ስድስተኛ፦ ስለ ፈጣን መልስዎ አመሰግናለሁ። «ለተጨማሪው ሪፖርት አመሰግናለሁ፣ ፎቶውም ግልጽ ነው፣ ሆኖም ሁለቱም ሪፖርቶች ከአንድ ሰው ስለመጡ እንደ አንድ ይቆጠራሉ» አሉ። ሁለተኛ ማሽን ብለው ነበር፣ አመጣሁ። ሁለተኛ ሰው ያሉትን ግን ከየት ላምጣ? ሕጉ ትክክል እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው የሚያየውን ብቻውን ሲያይ ይሳሳታል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው። በሕጉ አልተቀየምሁም። የተቀየምሁት በየሪፖርቱ ግርጌ ለዓመታት የነበረው ሁለተኛ ስም ለምን እንደጎደለ አንድ ጊዜ እንኳ ስላልጠየቁኝ ነው። ውሻዎ ሲታመም እኔ ጠይቄዎት ነበር።

እትሙ በእሑዱ ጸደቀ። እንኳን ደስ አለዎ።

ሰኞ ዕለት ሚስተር ምሲስካን ለምኜ የጣቢያውን የኢንተርኔት ገመድ ነቀልሁት፤ እስካሁን በቀድሞው ከርነል ላይ ነው። ፕሮጀክቱ ከዋና ከተማው ማሽናችሁ ጠፋብን፣ አሮጌው እትም ከዓመቱ መጨረሻ በኋላ አይደገፍም፣ ባለሙያ ልከን እናስተካክላለን እያለ ይጽፋል። ባለሙያው የመጣ ቀን የእርስዎን እትም ይጭንና በሰላም ይመለሳል። እኔ ያን ቀን እንዳያመልጠኝ ብዬ በየማታው ጀልባ ከመገፋቱ በፊት አፋፉ ላይ ወጥቼ ጽዋዎቹን በዓይኔ አያለሁ፤ ወርጄም ከማያው ጋር አስተያያለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ «ኛምፋንዴ፣ ማሽኑን ትተሽ ራስሽ ማሽን ሆንሽ እኮ» ይሉኛል። እስቃለሁ። ምን እንደምጠብቅ ብነግራቸው ሬዲዮውን ጨርሶ ማመን ይተዉ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ እውነቱን ሲናገርም አይሰሙትም። ስለዚህ አልነገርኋቸውም። ኛቺርዋ ብቻ አንድ ማታ መንገድ ላይ አስቆሙኝና «ያን ቀን የሄድሽበት ነገር ተሳካ?» አሉኝ። አልተሳካም አልኋቸው። «እንግዲያ ለምን ሄድሽ» አሉኝ፤ መልሴን ሳይጠብቁ እንጨታቸውን ተሸክመው ሄዱ።

ሰባተኛና መጨረሻ፦ ባለፈው እሑድ ስለላኩት ማስታወቂያ ከሁሉ የላቀ ምስጋናዬን ይቀበሉኝ። ይህች ካርድ ተጠቃሚ የሌላት መሆኗ ስለታመነ እሷን የሚያንቀሳቅሰው የከርነሉ ክፍል በሚቀጥለው እትም ጨርሶ ይወጣል፤ በዚህም በእሷ ላይ የቀረበው ስህተት እንደተፈታ ተቆጥሮ ተዘግቷል ይላል። ስህተትን ከነባለቤቱ አውጥቶ በመጣል የሚፈታ ዘዴ ስላስተማሩኝ ውለታዎን አልረሳም። አንድ ነገር ብቻ በትሕትና እለምናለሁ፤ ይህ ልመና ነው፣ ሽሙጥ የለበትም። ክፍሉን ማውጣት ካልቀረ ከማውጣትዎ በፊት ውሸቷን ያርሙልኝ። መስማት ስታቆም ዝም እንድትል ያድርጓት። ዝም ካለች እኔ ባልኖርም ዓሣ አጥማጆቹ ያውቃሉ፤ የዝምታን ትርጉም ከእኔ በፊት ሐይቁ አስተምሯቸዋል። ከዚህ በላይ አልጠይቅም።

ለውሻዎ፣ ለጣሪያዎና ለመላው ቤተሰብዎ ረጅም ዕድሜና ጤና እየተመኘሁ፣ ላጠፋሁብዎ የእሑድ ሰዓት ይቅርታ እየለመንሁ፣ በክፍልዎ መዝገብ ውስጥ የማልገኝ፣ ነገር ግን ሁልጊዜም በታዛዥነት የምገኝ፣

አክባሪዎ
ቲዎንጌ ምፋንዴ
ንካታ ቤይ

ማሳሰቢያ፦ በማስታወቂያው ላይ ካርዷን የሚጠቀም ሰው ካለ እስከሚመጣው እሑድ ድምፁን ያሰማ ብለዋል። እነሆ አሰምቻለሁ፤ እኔ አለሁ። እንደ ደንቡ መኖሬን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ሰው የሚያስፈልግ ከሆነ ግን አዝናለሁ፤ እሱን ቀብረነዋል።